የሔለን አርቦች

እሑድ ቅዳሴ አልቆ ሰው ወደ አዳራሹ ሲገባ፣ አስራት ገና ወንበር ሳይስብ ስልክ ይከመርበታል። አንዷን ስልኳ «ቦታ የለም» ብሏታል፤ አንዱ የይለፍ ቃሉን ረስቷል፤ ሌላዋ የልጇን የክርስትና ቪዲዮ ሳታስበው አጥፍታዋለች። እሱ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አውርዶ ሁሉንም በየተራ ያያል። በተማሪነት ፍራንክፈርት መጥቶ፣ ዕድሜውን የአንድ ባንክ ኮምፒውተሮች ሲጠብቅ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ክፍያ አይቀበልም። የሚቀበለው ምስጋና ነው፤ እሱን ግን ጠግቦ አያውቅም። «ጋሼ አስራት ያዩት ስልክ ዳግመኛ አይታመምም» ሲባል ያልሰማ ይመስላል እንጂ፣ ወደ ሪደርቫልድ ቤቱ የሚወስደውን ባቡር ሲጠብቅ ለብቻው ፈገግ ይላል።

ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ላይ ስለማልምረው ነው።

ባለፈው ነሐሴ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ወደ ሱቋ ጠራችው። ዘርፈሽዋል ቦከንሃይም ውስጥ፣ ከላይፕዚገር ሽትራሰ ገባ ብላ ባለች ጠባብ ሱቅ የሀበሻ ቀሚስ ትሰፋለች። ከሐምቡርግ ድረስ ሙሽሮች ይመጡላታል። ንግዷ በሙሉ ያለው ስልኳ ላይ፣ አንድ መተግበሪያ ውስጥ ነው። የደንበኛዋ ስም ሲነካ ደረቷ፣ ወገቧ፣ የክንዷ ርዝመት ይመጣል፤ ከሥሩ የመረጠችው ጥለት ፎቶ፣ ከዚያ ደግሞ የዘርፈሽዋል ማስታወሻ። «ግራ ትከሻዋ ዝቅ ይላል።» «ጠበብ አድርጊልኝ ትላለች፣ አትስሚያት።» «አርግዛለች፣ እናቷ አልሰሙም።» እንዲህ ያለው ነገር አንዴ ከጠፋ እንደገና ተለክቶ አይገኝም።

የስልኳ መስታወት ተሰነጣጥቆ፣ ባትሪውም ገና ረፋድ ላይ እየሞተ ስላስቸገራት አዲስ ገዝታ ነበር። አሮጌውን ለሻጩ ብትመልስ ቅናሽ ይደረግላታል።

«አስራት ወንድሜ፣ ዕቃዬን በሙሉ ወደዚህኛው አጓጉዝልኝ» አለችው፣ ሁለቱንም ስልክ እጁ ላይ እያስቀመጠች። «ይቺ ልጅ አርብ አርብ ባክአፕ ታደርግልኛለች። ሁሉም ሜሞሪው ላይ አለ።»

«ይቺ ልጅ» የተባለችው ሔለን ናት። ሱቁ ጥግ ላይ ካውያ ይዛ ቆማ ነበር። ጥገኝነት ጠይቃ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። እዚህ ሥራ የገባችው ሚያዝያ ላይ፣ በሙከራ ነበር፤ ሙከራው ከእንቁጣጣሽ በኋላ ሲያበቃ ዘርፈሽዋል ቋሚ ውል ልትፈርምላት ቃል ገብታለች። ያ ውል ለሔለን ደመወዝ ብቻ አይደለም፤ የመኖሪያ ፈቃዷ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነው። ይህን የማያውቅ አልነበረም፤ አስራትም ያውቃል።

በዚያን ቀን ደግሞ የከተማው ቡድን አይንትራክት የዓመቱን የመጀመሪያ የሊግ ጨዋታ ይጫወታል። ጓደኛው ፍሬው ቦርንሃይም ካለ አንድ ቢራ ቤት ወንበር ይዞለት፣ «የት ደረስክ?» እያለ ይደውላል።

አስራት ትንሿን ሜሞሪ ካርድ ከአሮጌው ስልክ አውጥቶ አዲሱ ውስጥ ከተታት። የተቀመጡት ቅጂዎች ተደርድረው ወጡ። አንደኛው መተግበሪያው ራሱ ያስቀመጠው ነው፤ ስሙ ላይ 2024 ይላል። ከዚያ ወዲህ የዘርፈሽዋል መዝሙርና የሰርግ ቪዲዮ ቦታውን ስላጣበበው በራሱ ማስቀመጡን ትቷል። የሌሎቹን ስም ሰው በእጁ ጽፎታል። ብዙ ናቸው፤ ሁሉም መጨረሻቸው 2017 ነው። የታችኛው 16-12-2017 ይላል።

«ዴሴምበር 2017» አለ አስራት በልቡ። «ሰው እንዴት የስምንት ዓመት ቆሻሻ ተሸክሞ ይዞራል?»

ከስምንት ዓመት በፊት ይህች ሱቅ አልተከፈተችም፤ መተግበሪያውም አልነበረም። ይህን ለማስታወስ ትንሽ ቆም ማለት ይበቃ ነበር። ግን ስልኩ ጮኸ፤ ፍሬው ነው።

2024 የሚለውን መርጦ መልሶ ጫነው። የደንበኞቹ ስም አዲሱ ስልክ ላይ ሲንጋጋ ዘርፈሽዋል እልል አለች። 2017 የሚሉትን አንድ ላይ ምልክት አድርጎ ሰረዛቸው፣ ቦታ እንዲሰፋላት። አሮጌውን ስልክም ከፋብሪካ እንደወጣ እስኪሆን ድረስ አጸዳው። «ዳተንሹትስ ነው ዘርፌ፣ የመረጃ ጥበቃ ሕግ፤ የሰው ገመና ያለበት ሀንዲ ለሻጭ አይሰጥም» አላት። ይህን ምክር ለሁሉም ይሰጣል። ጨዋታው ሳይጀመር ደረሰ።

ማክሰኞ ዕለት ዘርፈሽዋል ደወለች። ድምፅዋ ሌላ ሆኗል።

«አስራት፣ የሕሊና ሰርግ የለም። የሙሽራዋም የሚዜዎቿም ልክ የለም። የዘንድሮ ሰው አንድም አላገኘሁም፤ ያለው የድሮው ብቻ ነው።»

አስራት አላመነታም። «እኔ ያገኘሁትን ነው የጫንኩት። ከ2024 ማርች ወዲህ ባክአፕ የሚባል ነገር አልተደረገም።»

ሲናገረው እውነት መስሎት ነው። ዘርፈሽዋል «ሔለን! ነይ እስቲ!» ስትል ተሰማው። ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ነበር።

«አርብ አርብ አድርጌያለሁ፣ እትዬ» አለች ሔለን።

«የት አለ ታዲያ? ጋሼ አስራት እኮ የለም እያሉ ነው!»

የልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

«ጋሼ ካሉማ…» አለች ሔለን በመጨረሻ። «ጋሼ ካሉማ እኔ ረስቼ ይሆናል። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አስራት አዘነላት። የዛሬ ልጆች ሥራ ላይ ልባቸው የለም ብሎም አሰበ፤ አምኖበት ነው ያሰበው።

ከእንቁጣጣሽ በፊት በነበረው እሑድ፣ አዳራሹ ውስጥ አንዲት እናት የአዲሱን ዓመት የቀን መቁጠሪያ እየዞሩ ያድሉ ነበር። «ይኸው የ2018» አሉት። «የ2017ቱን አውርደህ ይሄን ስቀል፣ ልጄ።»

አስራት ተቀብሎ አመሰገነ። ሁለት እርምጃ ከሄዱ በኋላ ነው ያ ቁጥር ትዝ ያለው።

አስራ ስድስት፣ አስራ ሁለት፣ ሁለት ሺህ አስራ ሰባት። ነሐሴ አስራ ስድስት። ፍልሰታ! እሱ ራሱ ያስቀደሰበት ቀን ነው፤ በማግሥቱ ነው ዘርፈሽዋል ሱቅ ሄዶ ዴሴምበር ነው ያለው። ከሔለን ካውያ በላይ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ይኸው የቤተ ክርስቲያኑ ቀን መቁጠሪያ ነበር፤ አርብ አርብ ቀና ብላ ያየችው እሱን ነው። አስራት ጾም መቼ እንደሚገባ፣ በዓል መቼ እንደሚውል ሲቆጥር ሐበሻ ነው። ስልክ ሲይዝ ግን ጀርመን ይሆናል። አርባ ዓመት ሁለቱን አቆጣጠር ይዞ ሲኖር አንድ ቀን እንኳ አምታቶት አያውቅም ነበር።

ወደ ደጅ ወጣ። ጊዜ እንዳለው ያውቃል። የተሰረዘ ፋይል ወዲያው አይሞትም፤ ስሙ ከዝርዝሩ ይወጣል እንጂ፣ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ተኝቶ ይቆያል። ለስንቱ ሰው የጠፋ ፎቶ እንዲህ አድርጎ መልሷል። ካርዷ ዛሬ ከስልኩ ብትወጣ ከነዚያ አርቦች ጥቂቱ ይተርፋል። ደወለላት።

«ዘርፌ፣ ያቺ ሜሞሪ…»

«እንኳን ደወልክ! ሚዜዎቹ ዛሬ መጥተውልኝ እንደገና እየለካኋቸው ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ቀረሁ። አሁን እኮ ተምሬያለሁ። ሜትሩን፣ ጥለቱን፣ ቁመናቸውን፣ ሁሉንም በፎቶ ነው የማነሣው። ከጠዋት ጀምሮ ስንቱን አነሣሁ መሰለህ! ሜሞሪው ሰፍቶልሻል ብለኸኝ የለ?»

እያንዳንዱ ፎቶ የሚያርፈው ሔለን ባስቀመጠችው ላይ ነው። «አቁሚ፣ ካርዷን አውጪያት» ማለት ነበረበት። ያን ካለ ግን «ለምን?» ይከተላል።

«ጎበዝ» አላት።

የማልምረው እዚህ ላይ ነው። የቅዳሜው ስህተት ነው፤ ስህተት ደግሞ ማንም ይሳሳታል። ይሄኛው ግን ስህተት አይደለም፤ ፋይሎቹ ከፎቶዎቹ ሥር እየተጨፈለቁ እንደሆነ እያወቀ «ጎበዝ» ያለ ሰው ስህተት አልሠራም።

ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድ አለው። ሚስቱ «ምን ሆነሃል?» ስትለው «ጨጓራዬ ነው» ይላታል። በሦስተኛው ቀን ቁርጥ አድርጎ ተነሣ፤ በሰባት ቁጥር ባቡር ተሳፍሮ «ዘርፌ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» የምትለዋን ቃል አፉ ውስጥ እያገላበጠ ሄደ። መሐል ከተማ ሲደርስ ቃሏ ደህና ነበረች። ቦከንሃይመር ቫርተ ላይ ሰበብ በዝቶባት ረዝማለች። ላይፕዚገር ሽትራሰ ወርዶ ደረጃውን ሲወጣ ጭራሽ የለችም።

ዘርፈሽዋል አፏ ውስጥ የያዘችውን መርፌ አውጥታ ሳመችው። «አንተ ባትኖር ማን ይነግረኝ ነበር? ዐይኔ እያየ አድርጌያለሁ ትለኝ ነበር እኮ!»

ይህን ያለችው ሔለን እየሰማች ነው። ሔለን ከስፌት መኪናው ቀና አላለችም። አስራት ዐይኑን የሚያሳርፍበት አጥቶ አሻግሮ ያየው ማተሚያ ማሽኑን ነበር። «ይሄ ይሠራል?» አለ። አይሠራም ነበር። ጎንበስ ብሎ ሲጠግን ዋለ።

ሊወጣ ሲል ሔለን በሩ ድረስ ተከተለችው። «ጋሼ፣ በእኔ ምክንያት እርስዎም ተወቀሱ። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችው፣ ትከሻዋን ሰበር አድርጋ።

«ምንም አይደል» አላት። ከአፉ ሲወጣ ራሱን ተጸየፈው። ሆኖም ሄደ።

መስከረም ሲጋመስ የሔለን ሙከራ አበቃ። ዘርፈሽዋል ውሉን አልፈረመችም። አላበሻቀጠቻትም፤ «እጅሽ መልካም ነው፣ ግን ከማላምነው ሰው ጋ መሥራት አልችልም» ብላ አሰናበተቻት። አስራት ይህን በሰማ ዕለት ግርማ ለሚባል፣ አየር ማረፊያው ውስጥ የጽዳት ቡድን ለሚመራ ወዳጁ ደወለ፤ ለመነው፣ አስቸገረው፣ ሥራ አስገኘላት። እውነቱን ከመናገር ግርማን መለመን ቀሎት ነው። ሔለን እሑድ አዳራሹ ውስጥ ስታገኘው እጁን ልትስም ጎንበስ አለች፤ እጁን ነጥቆ ወደ ኪሱ ከተተው። ያየ ሁሉ ትሕትናው ነው አለ።

ከዚያ ወር ያህል አልፎ፣ ሌላ እሑድ፣ ተራዋን ጠብቃ ስልኳን ሰጠችው።

«ቦታ የለም ይለኛል፣ ጋሼ።»

እንደ ልማዱ መጀመሪያ ፎቶዎቹን ከፈተ፤ ሰው ሁልጊዜ ስልኩን የሚሞላው በፎቶ ነው። ሰው ግን አልነበረባቸውም። የምድጃ ማብሪያ። ከሶኬቱ የተነቀለ የካውያ ሽቦ። የተዘጋ በር ቁልፍ። እንደገና ምድጃው፤ እንደገና በሩ። ጣቱን ወደ ላይ እየሳበ ወረደ፤ አያልቅም። አንዱ በር ከአስር ጊዜ በላይ ተነሥቷል።

«ይሄ ምንድን ነው፣ ሔለን?»

አፈረች። «ልሰርዘው እላለሁ፣ ግን እፈራለሁ። መዝጋቴን አላምንም አሁን። ባቡር ውስጥ ከገባሁ በኋላ ምድጃውን አላጠፋሁም እልና እመለሳለሁ። ሁለቴ ሥራ አርፍጃለሁ። ስለዚህ አነሣዋለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከባክአፑ ጀምሮ ነው፣ ጋሼ። ያኔ አድርጌዋለሁ ብዬ ነበር እኮ፤ እየዋሸሁ አልነበረም። ቀኑን ስጽፍ እስካሁን ይታየኛል። እርስዎ ፈልገው ካላገኙት ግን ጭንቅላቴ ነው ማለት ነው። መንገድ ላይ የደረሰብኝ ነገር አለ፣ እሱ ይሆናል ብዬ ለዶክተሬ ነገርኳት። ለጭንቅላት ሐኪም ኡበርቫይዙንግ የሚሉትን የመላኪያ ወረቀት ጻፈችልኝ፤ ቀጠሮ እየጠበቅኩ ነው።»

አስራት መነጽሩን አወለቀ። ከኋላዋ የቆመች ሴት ስልኳን አስቀድማ ዘርግታለች። «ዛሬ አልችልም፣ እህቴ» አላትና ሔለንን ወደ መስኮቱ ወሰዳት። ስንት ጊዜ ያገላበጣት ቃል አሁን ሳይፈልጋት መጣች።

«ጭንቅላትሽ ደህና ነው። አድርገሽዋል። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። በኛ አቆጣጠር የጻፍሽውን ቀን በጀርመኑ አነበብኩትና አሮጌ ነው ብዬ ሰረዝኩት።»

ሔለን ታለቅሳለች ወይም ትጮኻለች ብሎ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«መቼ ነው ያወቁት?»

መዋሸት ይችል ነበር፤ «ዛሬ» ማለት ብቻ ነው። ይህን አንድ ነገር እመሰክርለታለሁ፤ አልዋሸም።

«ከእንቁጣጣሽ በፊት።»

«ከእንቁጣጣሽ በፊት» አለች ሔለን ቀስ ብላ። «ውሌ ሳይቋረጥ።»

«አዎ።»

«እትዬ ዘርፌ እዚያ ናቸው» አለች። «ይንገሯቸው።»

«ነገ ሱቅ ሄጄ…»

«አሁን፣ ጋሼ።»

አስራት እዚያው አዳራሹ ውስጥ ለዘርፈሽዋል ነገራት፤ ከካርዷ የሚተርፍ ነገር ካለ ሊፈልጉ ሦስቱም በዚያው ሱቁን ሊከፍቱ ቦከንሃይም ሄዱ። ባቡሩ ውስጥ ዘርፈሽዋል ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች። ሱቁ ሲደርሱ ካርዷን ከስልኳ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ጣለችለት። አስራት የሱቁን ኮምፒውተር ከፍቶ የጠፋ ፋይል የሚፈልገውን ፕሮግራም ጫነና ካርዷን አስገባ።

ረጅም ጊዜ ፈጀ። በመጨረሻ ስሞቹ አንድ በአንድ መውጣት ጀመሩ። ስማቸው ብቻ። አንዱን ሲነካው አይከፈትም አለ፤ ሌላውንም ነካ፣ አይከፈትም። ሁሉንም ሞከራቸው። ውስጣቸው በሚዜዎቹ ፎቶ ተበልቷል።

«ካርዷን ያኔውኑ ብታወጪያት…» ብሎ ጀመረና «አውጪያት ብልሽ» ብሎ አረመው። «ደውዬልሽ ነበር። ፎቶ እያነሣሁ ነው ስትይኝ ጎበዝ አልኩሽ።»

ዘርፈሽዋል አስታወሰችው። «የኔን ተወው» አለችው፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ልኬት ይለካል። እዚህ አጠገቧ ማተሚያ ስትጠግን ውለህ፣ በሩ ላይ ይቅርታ ስትጠይቅህ እንዴት ዝም ብለህ ትሄዳለህ?»

አስራት ከኮምፒውተሩ ፊት ተነሥቶ ወንበሩን ለሔለን ለቀቀላት።

ሔለን እነሱን አልሰማችም። ጣቷን ኮምፒውተሩ ላይ አድርጋ ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች ታነብ ነበር። ሚያዝያን ጨረሰች፣ ግንቦትን፣ ሰኔን። «ይሄኔ ታምሜ ነበር፤ ትኩሳት ይዞኝ ነው ያደረግሁት» አለች። «ይሄ ደግሞ የፍልሰታ ዕለት። ቤተ ክርስቲያን እስክሄድ ቸኩዬ ነበር፤ ግን አድርጌው ነው የሄድኩት።» መጨረሻው ላይ ስትደርስ እንደገና ወደ ላይ ተመለሰች። «አንዷም አርብ አላመለጠችኝም!» አለችና ያን ጊዜ አለቀሰች።

ዘርፈሽዋል አቅፋ አባበለቻት፤ ይቅርታ ጠየቀቻት፤ «ነገውኑ ተመለሺልኝ፣ ውሉን እፈርማለሁ» አለቻት። ሔለን ዐይኗን ጠርጋ «አስቤበት እነግርዎታለሁ፣ እትዬ» አለች። ሲወጡ ዘርፈሽዋል ቁልፉን እጇ ላይ አኖረችላት፤ እንደ ድሮው እሷ እንድትዘጋ።

ሔለን ዘጋች። ጥቂት ከተራመዱ በኋላ ቆመች፤ ዞራ ስልኳን አወጣችና ወደ በሩ ደገነችው። ስልኩ ቦታ የለም አላት። አስራት ሳያጸዳላት ነው የመጡት። ስልኩን እንደያዘች ግራ ገብቷት ቆየች፤ ከዚያ አጠገቧ ወደቆመው ሰው ቀና አለች።

«ጋሼ፣ ዘግቼዋለሁ አይደል?»

«ዘግተሽዋል» አላት አስራት። «እኔ አይቻለሁ።»

ትንሽ አየችው። ከዚያ ወደ ሱቁ ተመለሰችና እጀታውን ይዛ፣ በሩን በገዛ እጇ ሳብ አድርጋ አረጋገጠች።